ጋሻና ከጋሻው በስተኋላ ያለው

በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው የተሰጠ አንድ ትእዛዝ አለ፤ ይኸውም ከሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅና ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆንበት የሚል ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ እንደ ትንሽ ነገር ቈጥሮ ያልፈዋል፤ በታላላቆቹ ሕግጋት መካከል የአናጢ ምክር የገባ ይመስለዋልና። ዳሩ ግን ቀስ ብለው ቢመረምሩት ትልቅ ምሥጢር ያለበት ነው። ባለቤቱ ማንንም አልገፋም፤ የወደቀውም ሰው በራሱ እግር ሄዶ የወደቀ ነው፤ ሕጉ ግን አደጋ ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ መከታ ያላበጀውን ሰው ከደም ንጹሕ ነህ አይለውም። እንግዲህ ሰው በሠራው ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ ማሰብ ሲገባው ባላሰበውም ይጠየቃል ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ይከብዳል። መከታ ማበጀት በጎ ሥራ ከሆነ፥ መከታ ሁሉ በጎ ነውን? አንዳንድ ሰዎች ሲከራከሩ፥ «ጦር የሚሠራው ይጠየቅ እንጂ ጋሻ የሚሠራው ምን በደል አለበት? ጋሻ ማንን ወግቶ ያውቃል?» ይላሉ። ነገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ጋሻው የሚከልለው ሰውን በሆነ ጊዜም እውነት ነው። ጋሻው የሚከልለው ጦሩን ራሱን በሆነ ጊዜስ ምን እንበል? ይህን ጥያቄ በባዶ ሜዳ ከምንከራከርበት በአንድ ሊቅ ሕይወትና ሥራ ላይ አቁመን ብንመለከተው ይሻላል። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ፕሮፌሰር ናታን ኒውማርክ በ1910 በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት ተወለዱ። በ1930 ከራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ወደ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፤ በዚያም ሃርዲ ክሮስን ከመሳሰሉ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበሩ መምህራን እግር ሥር ተቀምጠው በ1934 የዶክተርነትን ማዕርግ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ በ1981 እስኪሞቱ ድረስ ኑሯቸውም ስማቸውም ከዚያ ቤት አልተለየም፤ ከ1956 እስከ 1973 የሲቪል ምሕንድስናውን ክፍል በአለቃነት መሩ። ከአንድ ጉባኤ ቤት ሳይነቃነቁ ደቀ መዛሙርት ሲያፈሩ መኖር በእኛም ዘንድ የታወቀ ክብር ስለ ሆነ፥ አንባቢ የእኒህን ሰው ጠባይ ከዚህ ብቻ ሊገምት ይችላል። ከደቀ መዛሙርቶቻቸው አንዱ የሜክሲኮው ኤሚሊዮ ሮዘንብሉት ነበሩ፤ መምህርና ደቀ መዝሙር በ1971 ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ምሕንድስና አንድ ትልቅ መጽሐፍ በአንድነት ጻፉ።

በ1959 ያወጡት የስሌት መንገድ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የሚናወጥ ሕንጻ በየቅጽበቱ ኀይሉም ፍጥነቱም ስለሚለዋወጥ ሁለንተናውን በአንድ ጊዜ ቀምሮ መጨረስ አይቻልም። እሳቸው ጊዜውን እጅግ ጥቃቅን አድርገው ቈራረጡትና ከአንዱ ቅጽበት ወደሚቀጥለው፥ ከዚያም ወደሚቀጥለው፥ እንደ መቍጠሪያ ፍሬ እያንዳንዱን እየያዙ መሻገርን አስተማሩ። ይህ ሥራ በእጅ ብዙ ዘመን የሚፈጅ ነው፤ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው ኢሊያክ የተባለውን ኮምፒውተር በ1952 ሠርቶ ሲጨርስ ኒውማርክ ከሥራው መሪዎች አንዱ ስለ ነበሩ፥ ስሌቱም መሣሪያውም በአንድ ቤት ተገናኙ።

የሜክሲኮ ከተማ የተመሠረተችው በጥንት ሐይቅ ወለል ላይ ነው። ውሃው እየተንጣፈፈ ከተማይቱ በላዩ ተስፋፋች፤ ከሥሯ ያለው ግን ዛሬም ውሃ የጠጣ ለስላሳ ጭቃ ነው። በወንጌል ልባም ሰው ቤቱን በዐለት ላይ፥ ሰነፉ ግን በአሸዋ ላይ እንደ ሠራ ተነግሯል። የሜክሲኮ ሰዎች ዐለት ቢፈልጉ ከየት ያመጣሉ? አባቶቻቸው ያወረሷቸው ጭቃውን ነው። ስለዚህ በጭቃው ላይ እንደ ልባም ሰው መሥራትን መማር ግድ ሆነባቸው። የአገሩ መሐንዲስ ሌዮናርዶ ዜቫርት ላቲኖአሜሪካና የተባለውን ባለ 44 ፎቅ ሕንጻ ሲያቅዱ፥ ከ30 ሜትር በላይ ወደ ምድር ጠልቀው ከጠንካራው አፈር የሚደርሱ ብዙ ምሰሶዎችን አስተከሉ፤ ኒውማርክም አማካሪ ሆነው ሕንጻው በመንቀጥቀጥ ጊዜ እንዴት እንደሚወዛወዝ ቀመሩ። ሕንጻው በ1956 ተፈጸመ። በሚቀጥለው ዓመት በሐምሌ ወር ብርቱ መንቀጥቀጥ ሆኖ የከተማይቱ ጌጥ የነበረው ባለ ወርቅ ቅቡ የነጻነት መልአክ ሐውልት ከዐምዱ ላይ ወድቆ ሲሰባበር፥ ረጅሙ ሕንጻ ግን ያለ ጕዳት ቆመ። በመስከረም 1985 ደግሞ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ መንቀጥቀጥ መጣ፤ ሆስፒታሎችና የመኖሪያ ሕንጻዎች ተደረመሱ፥ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብም አለቀ። ላቲኖአሜሪካና ያን ጊዜም ቆመ።

የ1985ቱ መንቀጥቀጥ መነሻው ከከተማይቱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሰላማዊው ውቅያኖስ ዳር ነበር፤ ታዲያ ከመነሻው ይልቅ በሩቅ ያለችው ከተማ ስለ ምን ተጐዳች? የሐይቁ ጭቃ የራሱ ምት ስላለው ነው። በሁለት ሴኮንድ ያህል አንድ ጊዜ ይሄዳል ይመለሳል። ሕንጻም ሁሉ እንደ ቁመቱና እንደ ክብደቱ የራሱ ምት አለው። ልጆች በዥዋዥዌ ሲጫወቱ ያየ ሰው፥ የሚገፋው ልጅ ኀይሉ ትንሽ ሳለ በመመለሻው ሰዓት ብቻ እየጠበቀ ቢነካው ገመዱ እንዴት ወደ ላይ እንደሚወጣ ያውቃል። እንደዚሁም ምታቸው ከጭቃው ምት ጋር የተስማማው መካከለኛ ቁመት ያላቸው ሕንጻዎች በየምልልሱ እየተገፉ ወደቁ፤ አጫጭሮቹ ቤቶችና ዝግ ብሎ የሚወዛወዘው ረጅም ሕንጻ ግን ከምቱ ስለ ተለዩ ብዙው ነገር አለፋቸው። ማሕሌት የቆመ ካህን ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ ከበሮው ከእግሩ ጋር ሲገጥም መላው ጉባኤ እንዴት እንደሚነሣ ያውቃልና።

በዚህ ቦታ «የመሬት መንቀጥቀጥ የእግዚአብሔር ቍጣ ነው፤ በፌሮና በሲሚንቶ ልንቋቋመው መሞከር ከፈጣሪ ጋር መታገል ነው» የሚል ሰው አይታጣም። ለዚህ መልሱ በሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ አለ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች በገደለ ጊዜ ጌታችን ስለ ሟቾቹ ሲናገር ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰዎች ይልቅ በደለኞች ነበሩ አላለም፤ እንዲያውም እንዲህ ማሰባቸውን ነቀፈ። ለንስሐ የጠራውም ሟቾቹን ሳይሆን ቆመው ያሉትን ነው። ከንስሐውም ጋር ግንብን አጥብቆ መሥራት የሚከለክል ቃል በዚያ አይገኝም። ቍጣውን አንቋቋምም የሚለውም ሰው ቢሆን ዝናብ ሲመጣ ከጣራ ሥር መግባቱን አይተውም።

ከኒውማርክና ከዘመን ባልንጀሮቻቸው ትምህርት እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ስለ መለመጥ የተናገሩት ነው። የቀድሞ ሰው ሕንጻ የሚጸናው ጨርሶ ባለመነቃነቁ ነው ብሎ ያስብ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ታላቁን መንቀጥቀጥ በግትርነት ብቻ ልቋቋም የሚል ሕንጻ ዋጋው ከሰው ዐቅም በላይ እንደሚሆን፥ ዐቅሙ ያለቀ ዕለትም በድንገት እንደሚሰበር አዩ። ስለዚህ ሕንጻው እንዲለመጥ፥ ተለምጦም እንዳይበጠስ ማድረግን መረጡ። በ1961 ኒውማርክ ከጆን ብሉምና ከሊዮ ኮርኒንግ ጋር የጻፉት የአርማታ ሕንጻ መጽሐፍ ይህን አሳብ ካጸኑት አንዱ ነው። የዐምዱ ፌሮዎች በስታፋ ተቀራርበው ከታሠሩ፥ ብርቱ ንቅናቄ ሲመጣ የዐምዱ ውጫዊ ሲሚንቶ ተሰንጥቆ ይረግፋል፤ በስታፋው የታቀፈው ውስጡ ግን ሸክሙን እንደ ያዘ ይቆያል። ስታፋው ከተራራቀ ግን ዐምዱ ሳያስጠነቅቅ ይፈነዳል። የቅኔ ተማሪ ሰሙ ሲረግፍ ወርቁ ቀረ ይላል፤ መሐንዲሱም የሚለው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከዚህ የተነሣ የምሕንድስናው ሕግ ሦስት ደረጃ አለው። በትንሹ መንቀጥቀጥ ሕንጻው ምንም እንዳይሆን፥ በመካከለኛው ቢሰነጠቅም የሚጠገን እንዲሆን፥ ብዙ ዘመን ቆይቶ በሚመጣው በታላቁ ጊዜ ግን ሕንጻው ለዘለዓለም ቢበላሽ እንኳ በሰዎቹ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ይህ የቍጥር ነገር ብቻ እንዳይመስለን። ቤቱ ለሰው ይሰጥ እንጂ ሰው ለቤቱ አይሰጥ ብሎ መፍረድ ነውና፤ ይህንንም ፍርድ ሊቃውንቱ ሳይሰብኩት በስሌታቸው ውስጥ አስገብተውት ይገኛል። ስለ ግድብም በ1965 ሎንዶን ላይ በሰጡት ትምህርት ኒውማርክ ጥያቄውን እንዲሁ ለወጡት፤ ግድቡ ይንሸራተታል ወይስ አይንሸራተትም ከማለት ይልቅ ምን ያህል ይንሸራተታል፥ ያን ያህል ቢንሸራተትስ ውሃውን ይዞ ይቆያልን አሉ።

እንግዲህ ወደ ጨለማው ክፍል እንለፍ። ኒውማርክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለ ቦምብና ስለ ምሽግ አማካሪ ሆነው አገልግለው በ1948 የፕሬዚዳንቱን የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ የኑክሌር ቦምብ ዘመን መጣ። የፍንዳታ ማዕበልም ሕንጻን የሚያናውጠው እንደ መሬት መንቀጥቀጥ በቅጽበታዊ ኀይል ስለ ሆነ፥ ያ ስለ መለመጥ የተገኘው ዕውቀት ለሁለቱም የሚያገለግል ሆነ፤ እንዲያውም ሁለቱ ጥናቶች እርስ በርሳቸው ተማማሩ። በ1962 ከጆን ሃልቲዋንገር ጋር ለአሜሪካ አየር ኀይል የጠነከሩ ሕንጻዎች የሚሠሩበትን መመሪያ ጻፉ። ሚኒትማን የተባሉት ሚሳይሎች በምድር ውስጥ በተቈፈረ የአርማታ ጕድጓድ ሲቀመጡ፥ ጕድጓዱ በአጠገቡ የሚፈነዳውን የጠላት ቦምብ ችሎ ሚሳይሉን በደኅና እንዲያቆይ የተመከረባቸው ሊቅ እሳቸው ነበሩ። እነዚህም ጕድጓዶች ከ1962 ጀምሮ የተዘጋጁት በሞንታና፥ በዳኮታና በዋዮሚንግ በስንዴና በከብት ማሰማሪያ ምድር መካከል ነው።

ለዚህ ሥራ የሚከራከሩት የሚሉትን ሳናሳንስ እንናገር። የአንድ መንግሥት መሣሪያ በመጀመሪያው ምት የሚጠፋ ከሆነ፥ ያ መንግሥት በጥርጣሬ ብቻ ተነሥቶ አስቀድሞ ለመምታት ይፈተናል፤ መሣሪያው ከምቱ እንደሚተርፍ ካወቀ ግን ይታገሣል፥ ወሬውን ያጣራል፥ ለመማከርም ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ የጕድጓዱ ጽናት የንጉሡ ትዕግሥት ሆነ ይላሉ። ይህ ነገር የቂል ነገር አይደለም። ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ እነዚያ ሚሳይሎች በጦርነት አለመተኰሳቸውን ያየ ሰው በቀላሉ ሊያስተባብለው አይችልም።

ዳሩ ግን ሁለት ነገር ይቀርበታል። አንደኛው፥ ጕድጓዱ በጠነከረ ቍጥር ባላጋራው ይበልጥ አነጣጥሮ የሚመታ መሣሪያ ፈለገ፤ ያ ሲገኝ ደግሞ ጕድጓዱን ይበልጥ ማጠንከር አስፈለገ፤ ጋሻው ጦርን እየወለደ ሄደ። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ላቲኖአሜሪካና የተሠራው በውስጡ ያለውን ጸሓፊና ጽዳት ሠራተኛ ለማዳን ነው። ሚሳይሉ በተቀመጠበት አገር ያለው ገበሬ ግን ጕድጓዱ አጠገቡ ስላለ የጠላት ዒላማ ሆነ፤ ሚሳይሉ በአርማታ ሲከለል ገበሬው ከሜዳ ቀረ። አደጋውን ከሰው ላይ አንሥቶ ወደ ራሱ የሚወስድ መከታ አለ፤ አደጋውን ወደ ሰው የሚጠራ መከታም አለ። ሁለቱ በአንድ ሲሚንቶና በአንድ ስሌት ቢሠሩ እንኳ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የዘዳግሙ ሕግ መከታን ያዘዘው ስለ መከታው ሳይሆን በሰገነቱ ላይ ስለሚመላለሰው ሰው ነውና።

እንዲህ ስል በሞተ ሰው ላይ ለመፍረድ አልተቀመጥሁም። በነፍሱ ላይ የሚፈርድ ሌላ ነው፤ አገራቸው በሥጋት በነበረችበት ዘመን ምክር ተጠይቀው መከሩ፥ የአገራቸውም መንግሥት የ1968ን የሳይንስ ሜዳል ሰጣቸው። ስለ ሰውየው ዝም ልንል እንችላለን፤ ስለ ሥራው ግን ዝም ማለት አይገባንም፤ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ያለው ወጣት ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ይጠየቃልና። «እኔ የሠራሁት ጋሻ ነው» የሚለው ቃል ሕሊናን ለማስተኛት ብቻ የሚነገር ከሆነ፥ መምህራን ጋሻው ምንን እንደሚከልል ደግመው ሊጠይቁት ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ ሌላ መከራከሪያ ይመጣል፤ ይኸውም ለጦር የተደረገው ምርምር በኋላ ሰላማዊውን ሰው አድኖአል የሚለው ነው። ይህም እውነትነት አለው። በሚያዝያ 1995 በኦክላሆማ ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት በጭነት መኪና የተጫነ ቦምብ ፈንድቶ 168 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም 19ኙ ሕፃናት ነበሩ። ነገሩን ከመረመሩት አንዱ የቱርክ ተወላጅ የሆኑት፥ በዚያው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ያስተማሩት፥ በ2018 ያረፉት ፕሮፌሰር መተ ሶዘን ናቸው። መርማሪዎቹ ያገኙት ነገር የሚያሳዝን ነበር። ከሞቱት የሚበዙትን የገደላቸው የሕንጻው መደርመስ ነው። ቦምቡ በአጠገቡ ያለውን ዐምድ አደቀቀ፤ ጎረቤቶቹም ተሰበሩ፤ በእነርሱ ላይ የተጋደመው ትልቁ ተሸካሚ ሲወድቅ ብዙውን ወለል ይዞ ወረደ። ያ ሕንጻ መንቀጥቀጥ በሚበዛበት አገር ሕግ ዐምዶቹ በስታፋ ተቀራርበው ታስረው ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ በብዙ በቀነሰ ነበር። በአንጻሩ በመስከረም 2001 አውሮፕላን በፔንታጎን ሕንጻ ላይ በገባ ጊዜ፥ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ዐምዶች በጥምዝ ብረት ተጠምጥመው ስለ ነበሩ፥ ብዙዎቹ ቆዳቸው ረግፎ፥ ወገባቸው ጎብጦ ሳለ ከላይ ያለው ፎቅ ወዲያው አልወረደም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥም ሰው ሮጦ ወጣ። ይህንንም ሶዘንና ባልንጀሮቻቸው መርምረው ጻፉት። የሚያስገርመው ግን፥ የጦር መሥሪያ ቤት በሆነው በዚያ ሕንጻ ሰዎቹን ያዳናቸው ከኑክሌር ቦምብ በፊት የኖረ አናጢ ያሰረው ጥምዝ ነው።

ነገር ግን ከክፉ ሥራ በጎ ፍሬ መውጣቱ ሥራውን በጎ አያደርገውም። የዮሴፍ ወንድሞች ወንድማቸውን ሸጡት፤ እግዚአብሔርም ያን ሽያጭ የብዙ ሕዝብ ማዳኛ አደረገው። ዮሴፍ ይህን ሲነግራቸው አጽናናቸው እንጂ አሳባችሁ በጎ ነበረ አላላቸውም። ስለዚህ ከሚሳይል ጕድጓድ ገንዘብ የተገኘውን ዕውቀት ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት መጠቀም ይገባል፤ ስለ ተጠቀምንበት ብቻ ግን ጕድጓዱን ቅዱስ ልናሰኘው አይቻለንም። ኒውማርክ ራሳቸው በዚያው ዘመን በአላስካ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚዘረጋው የነዳጅ ቧንቧ የመንቀጥቀጡን መለኪያ ሠርተው ነበር። ቧንቧው የዴናሊን ስንጥቅ በሚሻገርበት ቦታ ምድሪቱ ብትንሸራተት አብሮ እንዲንሸራተት በረጃጅም አግዳሚዎች ላይ ተቀመጠ። እሳቸው ካረፉ 21 ዓመት በኋላ በኅዳር 2002 ምድሪቱ በዚያ ቦታ ከ4 ሜትር በላይ ተንሸራተተች፤ ቧንቧውም ሳይሰበር፥ አንድ ጠብታ ነዳጅም ሳይፈስ ቀረ። በእኔ ፍርድ የሰውየውን ስም የሚያስጠራው ይህና የሜክሲኮው ሕንጻ ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የሩቅ አገር ወሬ ለማውራት አይደለም። ስምጥ ሸለቆው መካከላችንን ሰንጥቆ ያልፋል። በ1961 ማለት በእኛ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ በተነሣው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች። ከመስከረም 2024 ጀምሮ እስከ 2025 መጀመሪያ ወራት ድረስ በአዋሽ ፈንታሌ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል፥ ንውጽውጽታውም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። አባቶቻችን የሠሩት በእንጨትና በጭቃ የተማገረ ክብ ቤተ ክርስቲያን ቀላልና የሚለመጥ ነው፤ በደብረ ዳሞም የድንጋዩ ግንብ በየመካከሉ በእንጨት አግዳሚ ተያይዟል። ዛሬ በየደብሩ የሚሠራው ግን ትልቅ የአርማታ ሕንጻ ነው፤ በላዩም ከባድ ጉልላት ይጫናል። የሕንጻ አሠሪ ኮሚቴ በተሰበሰበ ቍጥር ጉልላቱ ስንት ሜትር ይቁም የሚል ክርክር ይነሣል፤ ስታፋው በስንት ሳንቲ ሜትር ይታሰር ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሲሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ ስታፋውን የሚያየው የለምና፥ ሠራተኛው ከሦስቱ አንዱን ቢያስቀር ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅበት አይገኝም።

ስለዚህ ኮሚቴው ዐምዱ በታሰረበትና ሲሚንቶው ባልፈሰሰበት ቀን ሥራውን አቁሞ፥ ከኮንትራክተሩ ወገን ያልሆነ መሐንዲስ እያንዳንዱን ስታፋ በሜትር እንዲለካ ቢያደርግ መልካም ነው። የዚያን ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ከጉልላቱ ቅብ ላይ መቀነስ ይቻላል።